ለማጁ የተማረው

ትርሲት ከእንቅልፏ ስትነቃ የማድ ቤቷ መስኮት ወደ አሉቶ ተራራ ዞሮ ጠበቃት። ትናንት የቱሉ ጉዶን ደሴት ነበር የሚያሳየው። ደምበል ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። ከተማዋ፣ በሐይቁ ስም ደምበል የምትባለው፣ ከነመንገዷ፣ ከነትምህርት ቤቷ፣ ከነጎመን መደቧ ሐይቁ ላይ የተንሳፈፈች ናት። እምቦጭ ሲከባት ትሸሻለች፣ ፀሐይ ስትርቃት ትከተላለች። ነዋሪዎቿ ጠዋት መስኮት ከፍተው "ዛሬ ደግሞ የት አደርን?" ይባባሉና ወደየሥራቸው ይሄዳሉ።

"ይቺ ራኬብ ናት" አለ ባሏ ዳግም፣ ጨጨብሳውን እየጎረሰ። "ይህን ሁሉ መንደር ስታዞር አንዲት ሰሃን አልተንጫጫችም። እጇን ብታዪው እኮ፣ መሪውን የምትይዘው ሕፃን እንደምታስተኛ ነው።"

"እጇን በደንብ አይተኸዋል ማለት ነው።"

"ሥራዬ አይደል?"

ሥራው ነበር። ዳግም ፀሐይ የሚለቅሙትን የከተማዋን ታላላቅ ሸራዎች የሚጠግን ሰው ነው፤ አለቃው ደግሞ ምክትል ቀዛፊዋ ራኬብ ናት። መቅዘፊያ የሚባል ዕቃ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ከተማዋን የሚመራ ሰው እስከ ዛሬ ቀዛፊ ነው የሚባለው። ዋናው ቀዛፊ በዕድሜ ምክንያት ሥራውን ሊለቁ ነው። በነጋታው፣ እሁድ፣ ከተማው በእሳቸው ቦታ ወይ ራኬብን ወይ አቶ ባይለየኝ የሚባሉትን ሰው ይመርጣል። አቶ ባይለየኝ ጮክ ብለው ከመናገር በቀር ይህ ነው የሚባል ሙያ አልነበራቸውም፤ ብዙ ሰው ግን ድምፃቸውን ይወድላቸው ነበር።

ትርሲት ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ዳግም እንደ ልማዱ በር ላይ ደረሰባትና ከግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ በጣቱ ነካ አደረጋት። እዚያ ቦታ ላይ እሷ ራሷ በቅጡ አይታው የማታውቀው ምልክት አለ። እሱ "ጉልቻዬ" ይለዋል። "አንድ ቀን በሁለት መስታወት አሳይሻለሁ" እያለ ስንት ዓመቱ፤ ያ አንድ ቀን አልመጣም።

"ጉልቻዬ፣ ደህና ዋይ" አላት።

ደህና ዋል ሳትለው ወጣች። ለሌላ ሴት እጅ ያን ያህል ቃላት አሳምሮ ለእሷ ከጀርባዋ ጋር ማውራቱ አንጀቷን አሳረራት።

ቅናቷ የዛሬ አይደለም። ሁለቱ ሴቶች የቅዘፋ ትምህርት የተማሩት በአንድ ክፍል ነው። በማብቂያው ፈተና ቀን ነፋስ ተነሥቶ የሸራው ገመድ ከትርሲት እጅ አመለጠ። ራኬብ ዘልላ ያዘችው። ገመዱ የቀኝ መዳፏን፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ እስከ ሥጋው ድረስ ላጠው፤ እሷ ግን አልለቀቀችም። ሸራው ቢወርድ ኖሮ የሚወርደው ትርሲት ላይ ነበር። ፈታኙ ለራኬብ መሪውን ሰጧት። ትርሲትን ደግሞ "እጅሽ ከሁሉም ይበልጣል፣ ልብሽ ግን ይቸኩላል" አሏት። ሕይወቷን ያተረፈላት ጠባሳ ቦታዋን ነጠቃት። ማመስገን እንዳለባት ታውቃለች፤ የሚያቃጥላትም ይኸው ማወቋ ነው።

ያ ጥሩ እጅ ጽዳት ቤት ገባ። ጽዳት ቤቱ መንገድ አይጠርግም፤ የሚጠርገው ግልባጭ ነው። ግልባጭ ማለት የአንዲትን ሴት ፊት ከአውታረ መረብ ለቅመው፣ ከሌላ ሴት የተሰረቀ ገላ ላይ ሰፍተው፣ እያናገሩና እያሳቁ የሚያሰራጩት ሐሰተኛ ምስል ነው። ወንዱ ሲቀየም ግልባጭ ይሠራል፣ ሲሰለቸው ይሠራል፣ ሴት ከበላዩ ስትቆም ደግሞ ሥራዬ ብሎ ይሠራል። የወንድ ግልባጭ የመጣ ቀን ጽዳት ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ ያወራለታል። የሴቶቹ ግን እንደ ደብዳቤ በየዕለቱ ስለሚመጣ ማንም አያወራም።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ጠራጊ አያይም። ሕጉን ያወጡት ቤቱን ያቋቋሙት እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። "ልጠርግ ብላ ያየች ሰው አንድ ተመልካች ጨመረች እንጂ ምን ጠረገች?" ይላሉ። ስለዚህ ምስሉ በግራጫ መጋረጃ እንደተሸፈነ መስታወቱ ላይ ይቀርባል። ጠራጊዋ ዳሳሽ ጓንት አጥልቃ በእጇ ታነበዋለች፤ ጓንቱ መልክን ወደ ልስላሴና ሻካራነት የሚቀይር ነው። ፊቱና ገላው የተጋጠሙበት ስፌት ከጣት ሥር ይቆረቁራል። ክሩን አግኝታ ስትስበው ግልባጩ በያለበት፣ በያንዳንዱ ስልክና ግድግዳ ላይ፣ ይተረተራል። የምስሉ ባለቤት ስም አይነገርም። አቤት ያለችው ሴት መዳፏን በር ላይ ካለው መስታወት ላይ ታሳርፋለች፤ የሚመጣው ያ መዳፍና፣ ከተወች፣ የድምፅ ቃሏ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አሥር ሴቶች አይችሉትም። ስለዚህ ማሽን አለ። ሲተከል አንዱ ቀልደኛ የለማጅ መኪና ምልክት ጀርባው ላይ ለጠፈበትና ስሙ "ለማጁ" ሆኖ ቀረ። ለማጁ መመሪያ አያነብም። የሚማረው ከአንድ ሰው እጅ ነው፤ ከትርሲት። የጓንቷን እንቅስቃሴ፣ የደም ሥሯን ትርታ፣ ምን ላይ እንደምትፈጥን፣ ምን ላይ እንደምትዘገይ ያጠናል። እሷ አንድ ስትጠርግ እሱ በእሷው አኳኋን ሺህ ይጠርጋል። ይህን ታውቃለች፣ ትኮራበታለችም። የዚያን ቀን ግን ከሐሳቧ ወጣ።

ረፋዱ ላይ አንድ መዳፍ መጣ። ትርሲት ጓንቷን አሳረፈችበት። ከአውራ ጣቱ ሥር የገመድ ጠባሳ ነበረ።

እጇ ቀጥ አለ። ከመስታወቱ ጥግ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትል ነበር፤ አቤት ባይዋ የተወችው ቃል አለ ማለት ነው። ጠራጊዎቹ ከሥራው በፊት ያዳምጡታል። ትርሲት አልነካችውም። የራኬብን ነገር ጠዋት ከባሏ አፍ ሰምታው በቅቷታል።

ሐሳቧ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። ግልባጭ ባይሆንስ? እውነተኛ ቢሆንስ? ራኬብ ከሰው ጋር ብትሆንና ሰውዬው... ስሙን በሆዷም አልጠራችውም። በእጇ ዳስሳ ስፌቱን መፈለግ ትችል ነበር፤ የሷ እጅ ለዚህ አንዲት አፍታ ይበቃዋል። ግን ማወቅ ብቻ አልነበረም የፈለገችው። ማየት ነበር የፈለገችው። ግራ ቀኝ ተመለከተች፤ ሌሎቹ ሴቶች እንደ ሁልጊዜው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሠራሉ። መጋረጃውን ገለጠችው።

ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ዞር ብላ በትከሻዋ ላይ ትስቃለች፤ ሳቁ የራኬብ፣ ፊቱም የራኬብ። አጠገቧ ማንም የለም። ትርሲት በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ግን መጋረጃውን በመመለስ ፋንታ ማየቷን ቀጠለች። ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ወገቡ እዚህ ግባ የማይባል፣ ጀርባው ላይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች የተኮለኮሉበት ተራ ገላ ነው። "ለዚህ ነው እንዴ ሁሉም የሚያብደው?" አለች በልቧ። ደስ አላት። ከስንት ዓመት ወዲህ ራኬብን ከላይ ወደ ታች ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

መጋረጃውን መለሰች። ክሩን ግን አልሳበችም። ከመስታወቱ በስተቀኝ "ይቆይ" የሚባል መደርደሪያ አለ፤ የሚያጠራጥር ነገር ለጊዜው የሚቀመጥበት። ግልባጩን ወደዚያ ገፋችው። አላሰራጨሁትም፣ ከምርጫው በኋላ እጠርገዋለሁ አለች። አንድ ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል?

ማታ ወደ ቤት በሚወስዳት ጀልባ ላይ ምን እንደሚሆን አየች። ሁለት ጎረምሶች ስልክ ላይ አፍጥጠው ይንፈቀፈቃሉ። "ከተማ የምታዞረው እንዲህ ከሆነ እኔም እዞራለሁ" ይላል አንዱ። አንድ ሽበታም ሰው እንደማፈር ብለው አንገታቸውን አስግገው ካዩ በኋላ "ቤቷን ያልያዘች ሴት ከተማ ትያዝ ይሉናል" አሉ። ምስሉን ማን ሠራው ያለ አልነበረም። ትርሲት መጀመሪያ ላይ አንድ ጣፋጭ ነገር ጉሮሮዋን ሲወርድ ተሰማት፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች።

ዳግም ቤት ውስጥ መብራት ሳያበራ ተቀምጦ ነበር።

"አየኸው?" አለችው።

"አላየሁትም። ሊያሳዩኝ ሲሉ ስልካቸውን ገፋሁት።" ቀና ብሎ አያት። "ጽዳት ቤቱ ግን ምን ነካው? እንዲህ ያለውን በደቂቃ ነበር የምታጠፉት።"

"አዘንክላት?"

"አንቺ አላዘንሽም?"

አላየሁትም ማለቱን አላመነችውም። ወንድ ሆኖ ያልተመለከተ ይኖራል? ይልቅስ ለብቻው ደጋግሞ አይቶት ይሆናል። ይህን እያሰላሰለች ተኛች፤ ጉልቻውን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው አዞረችበት።

እሁድ ጠዋት ጽዳት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሴቶች ተሰልፈው ነበር። ውስጥ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። "ይቆይ" የሚለው መደርደሪያ ሞልቶ ፈስሶ፣ በየመስታወቱ ላይ መጋረጃ የሌለው ምስል ተገትሯል። የከተማው ዳኛ፣ የሒሳብ መምህርቷ፣ ባለፈው ወር በዋና ወንዶቹን ያሸነፈችው ልጅ፤ ፊታቸው እየሳቀ ገላቸው ተራቁቷል። እትዬ ሙሉነሽ ሹራባቸውን አውልቀው አንዱን ሲሸፍኑ ሌላው ይገለጣል። ጠራጊዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በዳበሳ ኮታቸውን ይወረውራሉ። ለማጁ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ ምልክቱን እንደለጠፈ፣ ሥራውን ይሠራል።

"ተበላሸ?" አለች ትርሲት። አፏ ደርቋል።

"ባለሙያው ፈታቶ አየው። ምንም አልሆነም አለ" አሉ እትዬ ሙሉነሽ። "የጉልት ነጋዴዋን፣ የጎረቤቴን ልጅ፣ የሌላውንም እንደ ወትሮው ጠርጎላቸዋል። የሚያስቀምጠው ስሟ የተጠራውን፣ ከፍ ያለችውን ብቻ ነው። መጋረጃውን ይገልጣል፣ ትንሽ ያያል፣ ይቆይ ይላል።"

"ማሽን እኮ ነው፣ እትዬ። ማሽን ምን ያያል?"

"እኔም እሱን ነው የምለው። ማሽን ከየት አምጥቶ ያያል?" አሉና ዓይን ዓይኗን አዩዋት። "የሚማረው ካንቺ ነው፣ ልጄ።"

ትርሲት ጓንቷን አጠለቀችና ወደ መደርደሪያው ሄደች። የመጀመሪያውን ካወጣሁ ሌላው ይከተላል ብላ የራኬብን ግልባጭ ሳበች፤ መጋረጃውን እስከ ጫፉ አለበሰችው። አንገቱ ላይ ስፌቱ ቆረቆራት። ግልባጭ ነው። ትናንት በአንዲት አፍታ ልታውቀው ትችል የነበረውን አሁን አወቀችው። ክሩን ይዛ ሳበች።

አልተተረተረም። መስታወቱ ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ "የአንድ ባለቤት መዳፍ ጎድሏል።"

ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ገላው የተሰረቀባት ሴት እዚያው ደምበል ውስጥ የምትኖርና መዳፏ የተመዘገበ ከሆነ የፊቱ ባለቤት ብቻዋን አትበቃም፤ ሁለቱም መዳፎች በአንድ ላይ ማረፍ አለባቸው። ገላዋ መሰረቁን የማታውቀውን ሴት ፈልጎ መንገር ደግሞ የጠራጊዋ ፋንታ ነው። ትርሲት ምልክት ፍለጋ እጇን በመጋረጃው ሥር ወደ ታች ሰደደች። ጎበጥ ያለው ትከሻ። ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ አንድ ፍሬ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አንዱ ከላይ ሁለቱ ከታች ሆነው፣ ድስት ሊጣድባቸው የተዘጋጁ ይመስል ተቀምጠዋል።

ጉልቻ።

ጓንት ያላጠለቀውን እጇን ወደ ጀርባዋ ላከችው። አልደረሰላትም። የምትሄድበት የሴቶች መታጠቢያ፣ ልብስ የምትቀይርበት ጓዳ፣ ከጀርባዋ የነበረው ያ ትልቅ መስታወት አንድ በአንድ ትዝ አሏት፤ በኋላ ሲጣራም ካሜራው የተገኘው እዚያ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ያንገበገባት ሌላ ነገር ነበር። እዚህ ግባ የማይባል ያለችው ወገብ የማን ወገብ ነው? ለዚህ ነው እንዴ ያለችውስ ማንን ነው? በጀልባው ላይ እነዚያ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩት፣ እሷም እያየቻቸው ዝም ያለችው፣ የራሷን ጀርባ ነው። ዳግም ደግሞ እውነቱን ነበር። ቢያይ ኖሮ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ በጨለማ ተቀምጦም አይጠብቃትም ነበር።

አረንጓዴዋ መብራት አሁንም ብልጭ ትላለች። ነካቻት።

"ፊቱ የእኔ ነው" አለ የራኬብ ድምፅ፣ በቀስታ። "ገላው የኔ አይደለም። ከፊቴ በታች ያለችው ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ግን እሷም የሆነ ቦታ አለች። አግኝታችሁ ንገሯት፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማው። ምርጫው ሳይጠረግልኝ ቢያልፍም ቅድሚያ ለሷ ስጡልኝ።"

ትርሲት መስታወቱን ተደግፋ አለቀሰች። እትዬ ሙሉነሽ መጥተው አጠገቧ ቆሙ፤ አልነኳትም።

"ራኬብን ጥሩልኝ" አለቻቸው።

ቀኑን ሙሉ መሪው ላይ የዋለችው ራኬብ የደረሰችው የምርጫው ሳጥኖች ተዘግተው ድምፅ በሚቆጠርበት ሰዓት ነው። የቀዛፊ ልብሷን እንደለበሰች ነበር። ጎዳናውን ስታቋርጥ ያዩዋት ሰዎች እንዴት እንዳዩዋት ከአረማመዷ ያስታውቃል። ትርሲትን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ።

"የኔ ጉዳይ አንቺ ጋ ነው እንዴ የደረሰው? እዚህ እንደምትሠሪ ዳግም ነግሮኛል፣ ሁልጊዜ ስላንቺ እጅ ነው የሚያወራው። አገኛችኋት?"

"አገኘናት።"

"ነገራችኋት?"

"እኔ ነኝ" አለች ትርሲት።

ራኬብ አፏን ልትከፍት ስትል ትርሲት ቀደመቻት፤ አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ታውቃለች። "ትናንት ጠዋት ነው የደረሰኝ። መዳፍሽን አወቅሁት። መጋረጃውን ገልጬ አየሁሽ፣ ከዚያ ሳልጠርገው አስቀመጥኩት። ምርጫው እስኪያልፍ ብዬ። ማሽኑ የሌሎቹንም ሴቶች ያስቀመጠው ከኔ ተምሮ ነው።"

"ለምን?" አለች ራኬብ።

"ቀንቼ።"

"በምኔ?"

ትርሲት የምትመልሰውን ስትፈልግ ወለሉ ተንቀሳቀሰ። በደምበል ልማድ የተመረጠው ቀዛፊ ድምፅ ተቆጥሮ እንዳበቃ ከተማዋን አንዴ ያዞራል፤ ሹመቱ የሚታወጀው በዚህ ነው። ጽዳት ቤቱ ወደ አንድ ጎን ዘመመና ድንገት ተመለሰ። የሻይ ብርጭቆዎች ከጠረጴዛው ተንሸራተው ተከሰከሱ። ከውጭ የሕፃናት ጩኸት፣ የሰሃን ኳኳታ፣ የሚጋጩ ጀልባዎች ድምፅ ተሰማ። ማን እንደተመረጠ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

ራኬብ የመስታወቱን ጠርዝ ይዛ ከተማዋ እስክትረጋ ጠበቀች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አልፈሰሰም። "ከማዞሩ በፊት ሸራውን አላጠፈም" አለች ለራሷ። ከዚያ ቀኝ እጇን አነሣችና መስታወቱ ላይ አሳረፈችው። "ነይ" አለቻት። "ሌሎቹ ደጅ ቆመው እየጠበቁ ነው። እኔና አንቺ በኋላ እንነጋገራለን።"

ትርሲት መዳፏን ከጠባሳው አጠገብ አሳረፈች። ጽሑፉ ጠፋ። ለማጁ ስፌቱን ፈለገ፣ አገኘው፣ ክሩንም ያዘ። ከዚያ ቆመ።

መብራቱ አልጠፋም፤ የተበላሸ ነገርም የለም። ዝም ብሎ ክሩን ይዞ፣ የመጋረጃውን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ቆሟል። ጠራጊዎቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ይጠብቃሉ።

"ምን እያደረገ ነው?" አለች ራኬብ።

ትርሲት ያን አቋቋም አወቀችው። እጇ ትናንት እንዲሁ ነበር የቆመው።

"እኔን እየሆነ ነው" አለች።

መዳፏን ከራኬብ መዳፍ አጠገብ ሳታነሣ ሌላውን እጇን ጓንቱ ውስጥ ከተተች። የመጋረጃውን ጫፍ ከማሽኑ ተቀብላ ወደ ታች መለሰችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ለማጅ እንደምታስተምር ሰው ቀስ ብላ፣ ክሩን ሳበች። ለሚቀጥለዋም እንዲሁ ልታሳየው ይገባል፤ ከዚያም ለሚቀጥለዋ።